ሦስተኛው ረቂቅ፦ በሐይቁ ወራሪ ዝርያዎች ላይ የምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ይኸውላችሁ። ማስገቢያው ሐሙስ ማታ ነው። ማኅበሩ የሚሸፍነው የወጪውን አንድ አራተኛ መሆኑ አልተለወጠም። ሥራው ሦስት ነው፦ በሁለቱም ማረፊያዎች የጀልባና የመረብ ማጠቢያ፣ በየወሩ ውሃው ላይ በሚጣል አራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ ያለውን እምቦጭ መቁጠር፣ እምቦጩን የሚበላ ጥንዚዛ ማርቢያ ገንዳ። ነቅሎ ዳር ላይ መከመር የለም፤ የአምናውን ሁላችንም አይተናል። ርዕሱ «መጤ ወራሪ ዝርያዎችን የመከላከል የጋራ ፕሮጀክት» ነው። ቁጥሮቹን ተመልከቱና መልሱ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፓምፑ ሁለት ተብሎ ተጽፎ የተደመረው የአንድ ነው። ይስተካከል።

መረብ ጠጋኝ፦ «መጤ» የሚለው ይውጣ። በዚህ ቃል ሰው ከቤቱ ሲባረር አይተናል። እሱ ካለበት ስሜ ከሥሩ አይሰፍርም።

ጸሐፊ፦ የምናወራው ስለ አረም ነው እኮ። ቃሉ በየጥናቱ የሚሠራበት ነው።

መረብ ጠጋኝ፦ ጥናቱን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። ማረፊያው ላይ የምንተክለውን ሰሌዳ ግን ሕፃን ሽማግሌው ያነበዋል።

የምሥራቅ ማረፊያ አስጋሪ፦ ሰሌዳ የሚባል ነገር የት አለ?

መረብ ጠጋኝ፦ ገጽ ሦስት። «የማጠቢያ ምልክት» ይላል።

ጀልባ ቀዛፊ፦ እኔም አልወደድኩትም። «ወራሪ» ብቻውን ይበቃል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ አይበቃም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከሌላ ውሃ የመጣ ሁሉ አይወርም፤ አብዛኛው ሳይራባ ይቀራል። ወራሪ የምንለው መጥቶ፣ ተራብቶ፣ ነባሩን የሚጎዳውን ነው። ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ ውሰዱ። ጫሞና አባያ ላይ ነባር ዓሣ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተመጣጥኖ ኖሯል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ ሰው ወስዶ ጨመረው (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። በ1980ዎቹ ቁጥሩ ሲያሻቅብ፣ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ትንንሽ ዓሦች ወደ 200 የሚደርሱ ዝርያዎች ጠፉ ተብሎ ይገመታል። ዓሣው ያው ነው፤ የተለወጠው ያረፈበት ውሃ ነው።

መረብ ጠጋኝ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ዓሣው ወዶ አልሄደም፣ ሰው ወሰደው። ታዲያ «መጤ» ብለን ጥፋቱን ለምን እሱ ላይ እንለጥፋለን?

ጫጩት አርቢ፦ መምህርት፣ «ሰው ወስዶ» ስትዪ ማንን ነው? ገጽ አምስት ላይ «ከሌላ ውሃ የመጣ የዓሣ ጫጩት ወደ ሐይቁ አይለቀቅም» ተብሏል። በዚህ ማኅበር ጫጩት የማመጣው እኔ ብቻ ነኝ። ስሜን በቀጥታ ጻፉታ!

የባዮሎጂ መምህርት፦ አንተን አላልኩም። ግን ካነሳኸው አይቀር ልናገር። ቪክቶሪያ ላይ የናይል ቆሮሶም ተጨምሮ ነበር፤ የሐይቁን የራሱን ሁለት የቆሮሶ ዝርያዎች ከአብዛኛው ቦታ ገፍቷቸዋል። ጫጩቱ ጤነኛ ቢሆን እንኳ አብሮት የሚመጣው ውሃ አለ። በውሃው ውስጥ የተክል ቁራጭ፣ የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ የዓሣ ጥገኛ ተባይ ይኖራል።

ጫጩት አርቢ፦ ኩሬዬ ከሐይቁ ጋር አይገናኝም።

ጀልባ ቀዛፊ፦ ክረምት ላይ ይገናኛል። አምና በአጥርህ ላይ በጀልባ አልፌያለሁ።

ጫጩት አርቢ፦ አምና ሞተርህ ቆሞብህ ያደርከው እኔ ቤት ነበር! ያኔ ለምን አልነገርከኝም? እንዲህ ከሆነ ድርሻዬ ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ድርሻ በመሀል አይመለስም። ደንቡን ያረቀቅከው አንተ ነህ።

ሊቀ መንበር፦ ተዉ እንጂ! የጫጩት ጉዳይ ዛሬ አጀንዳ አይደለም። ርዕሱን ብቻ እንጨርስ። «መጤ»፣ «ወራሪ»፣ «ባዕድ»፤ እስከ ማታ ድምፃችሁን ስጡ።

የምሥራቅ ማረፊያ አስጋሪ፦ ሁለት ቀን በአንድ ቃል! እምቦጩ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከሥሩ ብርሃን የለም፣ አየር የለም፣ ዓሣው ታፍኖ ይሸሻል። ትናንት መረቤን ስስብ የወጣው ሥር ብቻ ነው።

የምዕራብ ማረፊያ አስጋሪ፦ «ባዕድ» ከ«መጤ» በምን ይሻላል?

መረብ ጠጋኝ፦ ማንም በ«ባዕድ» ተሰድቦ ሲያለቅስ አላየሁም።

የምዕራብ ማረፊያ አስጋሪ፦ እኔ አይቻለሁ።

ኦዲተር፦ ስም ማስተካከል ጊዜ ማባከን አይመስለኝም። ሳልቪንያ የምትባለው ተንሳፋፊ ፈርን ለብዙ ዓመት በዘመዷ ስም ስትጠራ ኖረች። አረም የሚበላ ጥንዚዛም ከዘመዷ ላይ ወስደው ለቀቁባት፤ አልሠራም። ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ ስም የወጣላት በፈረንጅ በ1972 ነው። የትውልድ ቦታዋ ደቡብ ምሥራቅ ብራዚል መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛው ጥንዚዛ ከዚያ መጥቶ በ1980 አውስትራሊያ ውስጥ ሙንዳራ ሐይቅ ላይ ሲለቀቅ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አረሙ ከሰመ። በስም ስህተት የባከኑት ዓመታት ያንገበግቡኛል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ያ የመለየት ስህተት ነው። እኛ የምንጨቃጨቀው በቅጽል ነው።

ኦዲተር፦ እኛስ መለየቱን እናውቅበታለን? ባለፈው ቆጠራ ሦስት ሰው ቅጠሏ ጎመን የምትመስለውን ተንሳፋፊ ተክል እምቦጭ ብሎ መዝግቧል። እምቦጭ አገዳው እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ይህን በሥዕል ያሳየን ሰው የለም።

መረብ ጠጋኝ፦ እንግዲያው የሥዕል መጽሐፍ ይዘጋጅ። እያንዳንዱ ዝርያ በራሱ ስም ይጠራ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው ይጻፍ። ያኔ «መጤ» የሚለው አያስፈልግም።

ሊቀ መንበር፦ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ጸሐፊ፦ በየትኛው ገንዘብ?

ገንዘብ ያዥ፦ አንዱ ማጠቢያ ቢቀር ይሸፍናል።

ጀልባ ቀዛፊ፦ ማጠቢያው እንዳይነካ! የፕሮፖዛሉ ነፍስ እሱ ነው። ዜብራ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ሐይቆች አካባቢ የተገኘው በፈረንጅ በ1988 ነው። ያመጣው የመርከብ ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ነው፤ ከሐይቅ ሐይቅ ያዛመተው ግን እንደኛ ያለ ተራ ጀልባ ነው። የዛጎሉ እጭ በዓይን አይታይም፤ ወለል ላይ በቀረ ውሃ ይጓዛል። አድጎ ነባሮቹን ዛጎሎች ላያቸው ላይ ተጣብቆ ይገድላቸዋል፣ ቧንቧ ይደፍናል፣ ዓሣ ጫጩቱ የሚመገበውን ደቂቅ ሕይወት አጣርቶ ይጨርሳል። ውሃው ሲጠራ ሰው ይደሰታል፤ የጠራው ግን ምግቡ ስላለቀ ነው። አንዴ ትልቅ ሐይቅ ከገባ ደግሞ ሙልጭ አድርጎ ያወጣው የለም። ማጠብና ማድረቅ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

የምዕራብ ማረፊያ አስጋሪ፦ እኛ ጋ እምቦጭ የለም። ማጠቢያው ምሥራቅ ላይ ይሁን፣ የኛ ይቅር።

ጀልባ ቀዛፊ፦ የሌለው እኮ ገና ስላልገባ ነው። መታጠብ ያለበትም ለዚሁ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ምዕራቦቹ ራሳቸው ካልፈለጉ ልንሟገትላቸው አንችልም። አንድ ማጠቢያ ብዬ ይዣለሁ።

ሊቀ መንበር፦ ጥንዚዛውም ላይ ችግር አለ። ለማምጣትም ለማርባትም ፈቃድ ይፈልጋል፤ እስከ ሐሙስ አይደርስም።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ይህን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ጽፌው ነበር፤ ማመልከቻውን አስገባለሁ ያለ ሰው ነበር፣ አላስገባም። ጥንዚዛው በሌላ ሰብል ላይ አይሄድም፤ ቪክቶሪያ ላይ በፈረንጅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተለቆ በጥቂት ዓመት ውስጥ እምቦጩን እጅግ ቀንሶታል። ዛሬ ካልተጀመረ የሚዘገየው ዓመት ነው። ቢያንስ «በሁለተኛ ምዕራፍ» ተብሎ ይግባ።

ሊቀ መንበር፦ ይግባ።

ጫጩት አርቢ፦ ትናንት ተቆጥቼ ነበር፣ ይቅርታ። በጥንዚዛው ቦታ አንድ ሐሳብ አለኝ። እምቦጩን ነቅለን ኮምፖስት እናድርገውና እንሽጠው፤ ማኅበሩም ገቢ ያገኛል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ይቅርታው ከሁለታችንም ይሁን፤ እኔም ጠንክሬ ተናግሬሃለሁ። በኮምፖስቱ ግን አልስማማም። ከክብደቱ 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ የምናጓጉዘው ውሃ ይሆናል። ከብስባሹ ጋርም ዘሩ ወደ ሌላ ኩሬ ሊሄድ ይችላል፤ ዘሩ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ገበያው ነው። አረሙ ገንዘብ ካመጣ እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው ይመናመናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ገቢ የሚያመጣ አንድ ነገር ከሌለ ገንዘብ ሰጪው ደስ አይለውም። «የኮምፖስት ሙከራ» ብላችሁ በትንሹ አስገቡት።

ጸሐፊ፦ ቆጠራውን እመራለሁ ያልከው ተማሪ፣ ክፈፎቹ አንተ ዘንድ ናቸው። ከእሑድ ጀምሮ ስልክህ አይነሳም። ሌላ የሚመራ አለ?

ጸሐፊ፦ ማንም የለም? ቆጠራ ከሌለ ማጠቢያው መሥራቱን በምን እናሳያለን?

ኦዲተር፦ ለጊዜው መጽሐፉ ውስጥ «የመቁጠሪያ ቅጽ» ብለን እናካትተው። ሰው ሲገኝ ይሞላል።

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ፦ ርዕስ «የሐይቁን ባዕድ ወራሪ ዝርያዎች የማወቂያ የሥዕል መጽሐፍ ዝግጅት»። በውስጡ አንድ ማጠቢያ፣ የኮምፖስት ሙከራ፣ የመቁጠሪያ ቅጽ፤ ጥንዚዛው በሁለተኛ ምዕራፍ። «ባዕድ» በሁለት ድምፅ አሸንፏል። የገጽ አምስቱ የጫጩት አንቀጽ ወጥቷል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ማን አስወጣው?

ጸሐፊ፦ ሊቀ መንበሩ ለሰላም ሲባል ይውጣ አሉ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ እንግዲያው ስሜ በአዘጋጅነት አይግባ። ሥዕሎቹን ግን አያለሁ፤ የተሳሳተ ሥዕል እንዲታተም አልፈልግም።

መረብ ጠጋኝ፦ እኔ አሁን እፈርማለሁ።

የምሥራቅ ማረፊያ አስጋሪ፦ ዛሬ ጠዋት ማረፊያው አፍ ላይ ያለው አበባ አውጥቷል። አበባው ሲረግፍ አገዳው ጎንበስ ብሎ ዘሩን ውሃ ውስጥ ይከታል። ዘር ከመጣሉ በፊት ነገ ጎሕ ሲቀድ በሁለት ጀልባ እንወጣለን። የተነቀለው ጎርፍ ከማይደርስበት ዳገት ላይ ይወጣል፤ የአምናው አይደገምም። የሚመጣ ካለ ቦት ጫማ ይያዝ።

ጀልባ ቀዛፊ፦ እኔ አለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ከነሥሩ አንሡት፣ አትቁረጡት፤ ቁራጩ ሌላ ይሆናል። ከመንቀላችሁ በፊት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስንት እንዳለ ቁጠሩልኝ፤ በገመድም ይሆናል።

የምሥራቅ ማረፊያ አስጋሪ፦ እንቆጥራለን። የአምናዎቹ ሁለት መንሾች ማን ዘንድ ናቸው?