ልጄ የማን ይባል? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ደብረ ማርቆስ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች እያስረከብኩ አንድ ወንድ ልጅ ብቻዬን አሳድጋለሁ። አባቱ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ቀረ። ይኑር ይሙት የሚነግረኝ አጣሁ።

ጤፍ ሲወደድብኝ አንድ የቢቸና ነጋዴ "ስትሸጪ ትከፍይኛለሽ" ብሎ በዱቤ ሰጠኝ። እንዲህ ተጀመረ። (ፍቅርም በዱቤ ይመጣል ለካ!) እውነቱን ለመናገር ግን ቀድመው ልቤን የወሰዱት እናቱ ናቸው። ልጄን ከልጅ ልጆቻቸው እኩል ያጎርሱታል። ሲያጠፋም እኩል ይቆጡታል፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

አሁን ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጁንም በጉዲፈቻ ልውሰደው ይላል። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። እናትና አባት በሕይወት ካሉ የሁለቱም ፈቃድ ይጠየቃል፤ አንዱ ከጠፋ የሌላው ይበቃል። የኛ ክልል ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ታዲያ መጥፋቱን በምን ላስረዳ? የሰው ምስክር ይበቃል?

ዋናው ጭንቀቴ ግን ደጀን ያሉት የአባቱ አባት ናቸው። "የልጄን ስም እንዳትፍቂ" ብለው ላኩብኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለዓመት በዓል ልብስ የሚገዙለት እሳቸው ናቸው። ጉዲፈቻ ከወላጅ ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና እንደማይቆርጥ ብነግራቸው ያምኑኛል? ልጁን ብጠይቀው "ሁለቱንም አያቶቼን እፈልጋለሁ" አለኝ።

በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አያቱን ላናግር? ወይስ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቢያናግሯቸው ይሻላል?