ሁለት ፍሬ ኮሂባ ቤሂኬ 54፣ ያለ ሳጥን፦ እንዴት ይያዙ? እንዴትስ ይቀመሱ?

አዲስ_ገቢ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ፍሬ ኮሂባ ቤሂኬ 54 የሚባል የኩባ ሲጋር በስጦታ ደርሶኛል። ሳጥን የላቸውም፣ በተዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ነው የመጡት። አንደኛው ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር እዚህም እዚያም ይታያል። ሌላው ንጹሕ ነው፣ ግን ሲጨበጥ ጠንከር ይላል።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ሳጥኑ በሌለበት እውነተኛ መሆናቸው በምን ይለያል? ነጩስ ነገር ምንድነው? በዚህ በበጋው ደረቅ አየር ሁሚዶር (እርጥበት የሚጠብቅ የሲጋር ሳጥን) ሳልገዛ እንዴት ላቆያቸው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ሲጋር ከሌላው የሚለየው ጣዕም የት ላይ እንደሚገኝና ምን ብዬ እንደምፈልገው ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ተራ ሲጋር መቁረጥና መለኮስ እችላለሁ። ይህን ግን በከንቱ ማቃጠል አልፈልግም።

ዱባይ_ክሪክ

ሰላም ወንድሜ። በመጀመሪያ እውነተኛነቱን እንይ። ሳጥን ከሌለ ግማሹ ማስረጃ የለም። ቤሂኬ በ10 ፍሬ ሳጥን ነው የሚሸጠው። በሳጥኑ ላይ የዋስትና ማኅተም ይለጠፋል፣ የማኅተሙን ቁጥር የኩባ ሲጋር በሚሸጠው በሀባኖስ ኩባንያ ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል። ከሥሩ የፋብሪካው ኮድና የታሸገበት ወርና ዓመት ይመታል። ስለዚህ ስጦታውን የሰጠዎት ሰው ሳጥኑ ካለው የሥሩንና የማኅተሙን ፎቶ ይጠይቁት። ሳጥኑ የመስታወት ክዳን አለው ካለዎት ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ የሐሰት ነው። ኮሂባ እንዲህ ያለ ሳጥን አይሠራም።

ከሲጋሩ ላይ የሚታየው ደግሞ ይህ ነው። ርዝመቱ 144 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 54 የሚባለው ውፍረቱ ነው፣ በኢንች 64ኛ ይለካል፣ ወደ 21.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእጅ ስለሚጠቀለል ጥቂት ልዩነት ይኖራል፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከጎደለ ግን ይጠርጥሩ። በወረቀት ቀለበቱ ላይ ያለው የታይኖ (የኩባ ነባር ሕዝብ) ሰው ራስ ሆሎግራም ነው፣ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት ይለዋወጣል። ዝም ብሎ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ወይም የፊደሎቹ ጠርዝ ከደበዘዘ ጥሩ ምልክት አይደለም። አፍ በሚገባው የሲጋሩ ጫፍ ላይ ቅጠሉ ተጠምዝዞ የተቋጨ ትንሽ ጭራ ሊኖረው ይገባል። የውጭው ቅጠል ደግሞ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ሥሩ ቀጭን፣ ሲዳሰስ ዘይት ዘይት የሚል ነው።

ነጩን ነገር ሻጮች የእርጅና ወዝ ነው ብለው ያሞግሱታል። እኔ ሁልጊዜ ሻጋታ ብለው እንዲይዙት እመክራለሁ። ውጩ ላይ ብቻ ከሆነ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ጠርገው ከሌላው ለይተው ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡት። ካልተመለሰ ሲጋሩ ደኅና ነው። የሚለኮሰው ጫፍ ላይ በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ ካዩት፣ ወይም አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ካለው ይጣል። የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሻጋታ አይጨስም።

የመርፌ ቀዳዳ የሚመስል ነገርም ይፈልጉ። ያ የትምባሆ ጥንዚዛ ነው። እንቁላሉ ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ ስለዚህ ከ24 ዲግሪ በላይ ማቆየት አደጋ ነው። ቀዳዳ ካለ ሁለቱንም በድርብ ከረጢት አየሩን አስወጥተው ያሽጉና አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ሦስት ቀን ፍሪዘር፣ እንደገና አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው። የፍሪጁን ቀን ከዘለሉት የውጭው ቅጠል ይሰነጠቃል።

ለማቆያ የእንጨት ሁሚዶር ለሁለት ፍሬ አያስፈልግዎትም። እንጨቱ ራሱ እርጥበት ይጠጣል፣ በአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ክዳኑ ጥቂት ካልገጠመ ይደርቃል። ጎማ ያለው አየር የማያስገባ የምግብ ዕቃ ይግዙ፣ ሽታ እስኪጠፋ ይጠቡትና ያድርቁት። ውስጡ 65 በመቶ የሚል የቦቬዳ ከረጢት (እርጥበቱን በዚያ ልክ የሚጠብቅ) ያስገቡ። ባለ 60 ግራሙ ለ25 ፍሬ ስለሚበቃ ለእርስዎ ይተርፋል። በአዲስ አበባ የቤት ሙቀት፣ በመስኮትና በምድጃ አጠገብ እስካላደረጉት ድረስ፣ ቦታው ጥሩ ነው። በዚህ በኩል እኛ እዚህ በአየር ማቀዝቀዣ ከምንለፋው እናንተ ዕድለኞች ናችሁ።

የእርጥበት መለኪያ ካለዎት ሳይፈትኑ አይመኑት። በጠርሙስ ክዳን ጨው ያድርጉ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውኃ ያክሉ፣ ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ከረጢት ለ12 ሰዓት ይተዉት። 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 70 ካነበበ ሁልጊዜ 5 ይጨምሩበት።

ቅጠል_ቀማሽ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ በ65ቱ ግን አይደለም። ለኩባ ሲጋር፣ በተለይ እንዲህ ወፍራም ቅጠል ለሞላበት፣ 62 ይሻላል። በ65 የውስጡ ቅጠል ያብጣል፣ አየር በቀላሉ አያልፍም፣ መሃሉ ይጠፋል። ጠንካራ የተባለውን ፍሬ በ62 ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያሳርፉት። በአንድ ጊዜ ለማድረቅ ከዕቃው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ መተው ግን አይሆንም። ውጩ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ሲለኮስ ያ ውጥረት ቅጠሉን ይሰነጥቀዋል።

ልዩነቱ የት ነው ላልከው፣ መልሱ ያለው ሜዲዮ ቲዬምፖ የሚባለው ቅጠል ላይ ነው። ቤሂኬ በመደበኛ መስመርነት እ.ኤ.አ. በ2010 ሀቫና ላይ ሲወጣ በ52፣ በ54 እና በ56 ውፍረት ነበር። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 ለኮሂባ 40ኛ ዓመት በ100 ሁሚዶር 40፣ 40 ሆኖ የተሠራው 4,000 ፍሬ ስሙን ይጋራል እንጂ ሌላ ሲጋር ነው። በተራ የኩባ ሲጋር ውስጥ ከታች ወደ ላይ ቮላዶ፣ ሴኮ፣ ሊሄሮ የሚባሉ ቅጠሎች ይገባሉ። ቮላዶ ለማቃጠል፣ ሴኮ ለሽታ፣ ሊሄሮ ለጉልበት ነው። ሜዲዮ ቲዬምፖ ከሊሄሮም በላይ፣ ፀሐይ ላይ ባደገ ተክል አናት የሚገኙት ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ናቸው። ብዙው ተክል ጭራሽ አያወጣቸውም። ሲጋሩ ውድና ጥቂት የሆነው በዚህ ነው። ፀሐዩን በሙሉ ስለሚቀበሉ ወፍራምና ዘይታማ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚቃጠሉት።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በል፣ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ይህ ቅጠል ቀስ ብሎ ሲቃጠል ጣፋጭ ነው፣ ሲግል ደግሞ መራራ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚስብ ሰው የከፈለበትን ቅጠል ራሱ ይገድለዋል፣ ከዚያ «ከተራው በምን ይለያል?» ይላል። በ45 ሰከንድ ወይም በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ። 54ቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በ50 ደቂቃ ከጨረስከው ፈጥነሃል።

አቆራረጡ፦ ጭራውን በእጅህ አትንቀል፣ ቆቡን (ጫፉን የሚሸፍነውን ቅጠል) ይዞት ይነሳል። ስለት ያለው ባለ ሁለት ምላጭ መቁረጫ ተጠቅመህ ከነጭራው ከጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጥ። የቆቡ ጠርዝ ክብ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ መስመር በታች ከወረድክ ቅጠሉ ይተረተራል። በቀዳዳ መብሻ አልመክርህም። ጭሱ በጠባብ ቦታ ስለሚያልፍ ዝፍቱ እዚያው ይጠራቀምና የመጨረሻውን ሲሶ ያመርረዋል።

ከቆረጥክ በኋላ ሳትለኩስ ሳበው። በጠባብ ስትሮ ውኃ እንደመሳብ ያህል ከከበደ ዛሬ አትለኩሰው፣ ሁለት ቀን ወደ 60 በመቶ አውርደው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቋጠሮ ካለ በሁለት ጣት እያዞርክ በቀስታ ማላላት ይቻላል። ጠንከር አድርገህ ከጨመቅከው ግን ይሰነጠቃል።

አለኳኮሱ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ችግር አላት። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጄት ላይተር (ነበልባሉን በኃይል የሚነፋው) ቡቴን ጋዙና አየሩ አይመጣጠንለትም፣ ጠቅ ጠቅ እያለ አይያዝም ወይም ይዞ ይጠፋል። ለስላሳ ነበልባል ያለው ላይተር ወይም ረጅም ክብሪት ይሻላል። በክብሪት ከሆነ ራሱ ተቃጥሎ የድኝ ሽታው እስኪያልቅ ጠብቅ። ነበልባሉን ከጫፉ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አርቀህ እያሽከረከርክ መጀመሪያ ጠርዙን ጥበስ፣ ዙሪያው ሲጠቁር ነው አፍህ ውስጥ የምታስገባው። ከዚያ ጫፉን ተመልከት፣ እኩል መቅላት አለበት። አንዱ ጎን ከዘገየ እዚያ ላይ ብቻ በትንሹ ጨምርለት። መሃሉ ተቃጥሎ ጠርዙ ከቀረ የሳብከው ቶሎ ነው፣ ወይም ጠርዙን በደንብ አልጠበስከውም።

አመዱን አትምታ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በማስቀመጫው ጠርዝ አሳርፈህ አዙረው። ቀለበቱንም ገና ቀዝቃዛ ሳለ አትላጥ። ሙቀቱ ሲደርስበት ሙጫው ይላላል።

ቡና_ቀማሽ

ስለ ጣዕሙ ልጨምር። የቡና ቅምሻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሽታና ጣዕምን ለይቶ መያዝ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚመጣውን ለውጥ መከተል፣ አፍ ውስጥ የሚቀረውን መጠበቅ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ጭሱ ሳንባ አይገባም። አፍ ውስጥ ሦስት አራት ሰከንድ ይቆይና አብዛኛው በአፍ ይወጣል። የቀረችውን ጥቂት፣ ሩብ እንኳ የማትሞላዋን፣ ከንፈር ዘግቶ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። አብዛኛው ጣዕም ያለው እዚያ ነው፣ ምላስ ብቻውን ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጨው፣ ጎምዛዛ ከማለት ብዙ አይዘልም። በየስቡ አታድርገው፣ በአምስት ወይም በስድስት ስብ አንድ ጊዜ ይበቃል። በመጀመሪያው ሲሶ በአፍንጫ ለማውጣት ቀላል ነው፣ በመጨረሻው ያቃጥላል።

ምን ትፈልጋለህ? ሳይለኮስ ማር፣ ድርቆሽና ጥድ ሽታ። በመጀመሪያው ሲሶ ወተት ያለው ቡናና ክሬም ይመጣል፣ ለስላሳ ነው፣ አትታለልበት። በሁለተኛው ኮኮዋ፣ ቆዳና እርጥብ አፈር ይከተላሉ። የሜዲዮ ቲዬምፖ ክብደት አፍ ውስጥ እንደ ዘይት ሲሰማ የሚጀምረው እዚህ ነው። በመጨረሻው ቁንዶ በርበሬና የተቆላ ለውዝ አይለው ይወጣሉ። ጥድና ማር ሙሉ ለሙሉ ጠፍተው ምሬት ብቻ ከቀረ ግሏል፣ ሁለት ደቂቃ አስቀምጠው። ከወገቡ በታች አሞኒያ ከሸተተ ግን ሲጋሩ ገና ወጣት ነው፣ በአሳሳብ የሚስተካከል አይደለም። ያኔ ሁለተኛውን ፍሬ ሦስት አራት ዓመት አቆየው።

ጣዕሙን የሚሰርቁት ነገሮች ቤት ውስጥ ያሉ ናቸው። እጣን የተጨሰበት ክፍል ለዚህ አይሆንም፣ ቡና ሲቆላም እንዲሁ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ከበላህ ሁለት ሰዓት ይለፍ። በባዶ ሆድ ደግሞ በፍጹም አትጀምር። ኒኮቲኑ ብዙ ነው፣ ላብ፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ከመጣ አስቀምጠህ ስኳር ያለው ነገር ጠጣ።

በመጀመሪያው ፍሬ ውኃ ብቻ ይዘህ ተቀመጥ፣ በረዶ የሌለው። ለሁለተኛው ቡና ከፈለግህ የታጠበ ይርጋጨፌን ተው፣ የሎሚ ጉምዝዝናው ክሬሙን ይሸፍነዋል። ያልታጠበ ጉጂ ወይም ሐረር ከኮኮዋው ጋር ይስማማል፣ ያለ ስኳር።

ሳንባ አይገባም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አደጋው እውነት ነው፣ ይህን አውቆ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

አዲስ_ገቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለካሁት፣ ሁለቱም 144 ናቸው፣ ሆሎግራሙም ይለዋወጣል። ነጩ ውጩ ላይ ብቻ ነበር፣ ተጠርጓል። ሁለት ነገር ቀረኝ። በመሃል ቢጠፋብኝ መልሼ መለኮስ ያበላሸዋል? ሁለተኛውን ደግሞ ዋሽንግተን ላለው ወንድሜ በሰው ብልክለትስ?

ቅጠል_ቀማሽ

በደቂቃዎች ውስጥ ከሆነ አያበላሸውም። አመዱን አራግፍ፣ የቆመው ጭስ እንዲወጣ ሳትስብ በቀስታ ወደ ውጭ ንፋበት፣ እንደ መጀመሪያው ጠርዙን ጠብሰህ ለኩስ። ሰዓት ካለፈው የረጋው ዝፍት ይጎመዝዛል። 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ጣትህን ካሞቀህ ተወው፣ ከዚያ በታች የሚገኝ ጣዕም የለም። አትጨፍልቀው፣ ማስቀመጫው ላይ ብቻውን ይጠፋል፣ ስትጨፍልቀው ነው የሚከረፋው።

ዱባይ_ክሪክ

ለወንድምህ አትላክ። የኩባ ትምባሆን መንገደኛም ቢሆን ይዞ አሜሪካ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ጉምሩክ ካገኘው ይወርሰዋል፣ ጣጣው ደግሞ ለያዘው ሰው ነው። በ62 አቆይለትና አገር ቤት ሲመጣ ይቅመሰው። ቦታውን ደግሞ ቀድማችሁ ምረጡ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሆቴልና በምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ በግል ግቢ፣ ነፋስ በማይበዛበት ጥግ ይሁን። ነፋስ አንዱን ጎን ብቻ ያነድዳል።