ደሴ ላይ እጅ ልዘርጋ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ከጎንደር መጥቼ ኮምቦልቻ ሥራ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ጓደኛዬ ቤት ምሳ ተጠርቻለሁ፤ ቤተሰቡ ሙስሊም ነው። እናቱን ልጨብጣቸው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ እዚሁ ነው ያደግሁት። ለእናትየው ቀድመህ እጅ አትዘርጋ። ቀኝህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ ጎንበስ ብለህ «እንደምን ዋሉ እማማ» በል። እሳቸው ከዘረጉ ጨብጥ፤ እጃቸው ወጥ ከነካው አንጓቸውን ይሰጡሃል፣ እሱን ያዝ። አባትየውን በቀኝህ ጨብጠህ በግራህ ክንድህን ደግፍ። ደግሞ አትቸኩል! ጤናውን፣ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ዘው ብሎ መቀመጥ እኛ ጋ ይከብዳል።

ሌላ መልስ፦ ትልቅ ሰው ሲገባም ተነሥ። «ኧረ በአላህ ተቀመጥ» እስኪሉህ ቁም።

ጠያቂው፦ ጓደኛዬንስ?

መልስ፦ እሱንማ እንደለመዳችሁት፣ ትከሻ ለትከሻ።