የብስክሌት መጠገኛ ማቆሚያዬ ክንዱ እየዞረ አስቸገረኝ

ብስክሌቴ ባለ 26 ነው፣ ቻሲው ብረት፣ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ማርሽ ሲስተካከል የኋላው ጎማ አየር ላይ መዞር አለበት። ገልብጦ ማቆም የማርሽ መቀየሪያውን ይፍቃል፤ ከማገር በገመድ ማንጠልጠል ደግሞ ፔዳሉ በተነካ ቁጥር ዥዋዥዌ ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ብየዳ ቤት ማቆሚያ አሠራሁ፦ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ላይ የቆመ የውሃ ቱቦ፣ ከሱ ወደ ጎን የወጣ ክንድ፣ የክንዱ ጫፍ ላይ የኮርቻውን ዘንግ የሚይዝ መንጋጋ። የላይኛውን የቻሲ ቱቦ አላስይዝም፣ ስስ ስለሆነ ይሰረጉዳል። መጀመሪያ ወደ ክንዱ በኩል ይደፋ ነበር፤ በዚያ አቅጣጫ 60 ሳንቲም የሚረዝሙ ሁለት እግሮች ሲበየዱለት ቀጥ አለ።

የቀረው ክንዱ ነው። ዘንበል ማድረግ እንድችል ባለ 1 ኢንች ቱቦ ባለ 1¼ ውስጥ ገብቶ በአንድ ባለ 10 ቡሎን ይጠብቃል። ከኮርቻው ዘንግ ፊት ያለው ክብደት ስለሚበዛ፣ ፔዳል ለመፍታት 15 ቁልፍ ላይ ጫን ስል ቱቦው ይዞርና የፊት ጎማው ቁልቁል ይወርዳል። አጥብቄ ሳስር ቡሎኑ ቱቦውን ቦረቦረው፣ የዳዶው ጥርስም አለቀ። በመሃል የካላማዳሪያ ቁራጭ ባስገባ ባሰ፤ በድሬ ሙቀት ላስቲኩ ይለሰልስና ይንሸራተታል። በያጁ «አንዴ በይደነው እንገላገል» ይላል፣ ያኔ ግን ማዘንበል ቀረ።

ለብስክሌቱ ክብደትና ለቁልፉ ግፊት የትኛው ይችላል፦ የውጪውን ቱቦ ሰንጥቆ እንደ ኮርቻ ማጥበቂያ በሁለት ቡሎን መጭመቅ ወይስ ሁለቱንም ቱቦ በስቶ ፒን ማስገባት?