አስቸኳይ፦ የናሙና ትምህርቴ ተበላሽቶብኛል፤ ነገ ምን ልበላቸው?

ጠመኔ (ጠያቂ)፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከናሙና ተነሥተው ስለ ጠቅላላው መገመትን እንዲማሩ 80 ባቄላና 120 አተር በአንድ ፌስታል ቀላቅዬ አቀረብሁ። 10 ቡድኖች ዓይናቸውን ጨፍነው አሥር አሥር ፍሬ ሲያወጡ የባቄላው ቁጥር 6፣ 7፣ 5፣ 8፣ 6፣ 4፣ 7፣ 6፣ 5፣ 7 ሆነ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ የማንን እንመን?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ነገ ጠዋት እንደገና እገባለሁ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፦ ውድ መምህር፣ ናሙና ከመቁጠር በፊት አወጣጡን ማስተማር ይገባል። እህል ገዢ እንኳ ጆንያውን ከላይም ከሥርም ወግቶ ያያል እንጂ አፉ ላይ የተደረደረውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ በዕቅድ ላይ ይሰፍር ነበር።

ሚዛን፦ ጠመኔ፣ በመነሻዎ አልስማማም። ቡድኖቹ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያመጡ የጠበቁ ይመስላል፤ መለያየታቸው ግን ትምህርቱ ራሱ ነው። ከመቶው 40 እጁ ባቄላ ከሆነ ፌስታል አሥር ፍሬ ሲወጣ፣ ከ10 ጊዜ 9 ያህሉን ከ2 እስከ 6 ባቄላ ይገኛል። ናሙናው ወደ 40 ፍሬ ቢያድግ መዋዠቁ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ባለ ንፍሮ፦ ሲጨርሱ ፌስታሉ ወደ ድስት ይግባ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቡድን ይስማማል።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ናሙናውን ወደ 40 ያሳድጉት፤ መፍትሔው ይኸው ነው።

እትዬ መምህርት፦ ሚዛን ስለ መዋዠቅ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቁጥሮቹን የደመረ የለም። ከ100 ፍሬ 61ዱ ባቄላ ሲሆን የሚጠበቀው 40 ገደማ ነበር፤ ከ4 በታች ያመጣም ቡድን የለም። ይህ ወደ አንድ ወገን ማድላት ስለሆነ ናሙናውን ማሳደግ አያድነውም። ባቄላ ከአተር ስለሚገዝፍ ፌስታሉ ሲነቀነቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ጣትም ቀድሞ የሚይዘው እርሱን ነው። ለመሆኑ ያወጡትን ይመልሱ ነበር?

ጠመኔ፦ ይመልሱ ነበር፤ ግልጽ ስለመሰለኝ አልጻፍሁትም። ከላይ ይጨምሩታል እንጂ ዳግመኛ አላማሰልነውም።

እትዬ መምህርት፦ እንግዲያው ነገ 50 የለስላሳ ቆርኪ ይዘው ይግቡ፤ የ20ውን ውስጥ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፣ በየዙሩም በደንብ ያማስሉት። ሰሌዳው ላይ ከ0 እስከ 10 የተጻፈበት መስመር አስምረው ለየቡድኑ አንድ ነጥብ ያኑሩ፤ ከሥሩም የባቄላውን ነጥቦች በሌላ መስመር ያስፍሩ። ከዚያ ያችን ተማሪ አስነሥተው፣ ሁለቱ ክምሮች የት የት እንዳረፉና ስለምን እንደተለያዩ ይጠይቋት፤ ባቄላውን በእጇ እንድትዳስስም ይስጧት።

ባለ ንፍሮ፦ ቆርኪ ግን አይቀቀልም።