መሪ ላይ ያለ ማርሽ መቀየሪያ ለአስቸጋሪ መንገድ ይሆናል?

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የናፍጣ ፎርዊል ነው፤ ካምቢዮው ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ። ከመሪው ጀርባ ሁለት ፓድል ሺፍተሮች (በጣት የሚሳቡ ማርሽ መቀየሪያዎች) አሉት። ግራው ማርሽ ይቀንሳል፣ ቀኙ ይጨምራል። ከመሪው ጋር አብረው ይዞራሉ፤ ችግሬም እሱ ነው።

ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ በጣም ወድጃቸዋለሁ። ሁለቱም እጄ መሪው ላይ ሆኖ፣ በጣቴ ብቻ 2ኛ አስገባና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞልኝ ይወርዳል። ፍሬን ብዙም አልነካም።

ባለፈው ግን ጠጠር የሞላበት ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረድኩ፣ ከባድ ኩርባ ላይ መሪውን ግማሽ ዙር አዞርኩ። ማርሽ ልቀንስ ብዬ በግራ እጄ ሳብኩ። ለካ ዞሮ እጄ ስር የመጣው የቀኙ ነው! 1ኛ ይገባል ስል 3ኛ ገባ፣ መኪናውም ተለቀቀ። ደንግጬ ፍሬን ስረግጥ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ። የቆምነው ጠርዙ ጋ ስንደርስ ነው። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በማርሽ ዘንጉ መቀየር ሞከርኩ። አያሳስትም፤ ግን አንድ እጄ ከመሪው ይነሳል፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ሊያመልጠኝ ይደርሳል። ሎው ሬንጅ (መኪናው በዝግታ፣ በጉልበት እንዲሄድ የሚያደርገውን የፎርዊል ማርሽ) አስገብቼ 1ኛ ላይ መተውንም ሞክሬያለሁ። ለቁልቁለቱ ጥሩ ነው፣ መንገዱ ሲቀና ግን መኪናው ይንፏቀቃል።

ኩርባ የበዛበት ቁልቁለት የለመዳችሁ፣ ፓድሉን ከኩርባው በፊት ብቻ ትጠቀሙበታላችሁ ወይስ ጨርሶ ትታችሁት በዘንጉ ነው የምትቀይሩት?