የእንጀራዬን ዓይን ማን ሰረቀው?

የጎፋዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ እንጀራዬ ዓይን አጣ። 3 ጊዜ አቡክቼ 3ቱም ጊዜ ድፍን ሆነብኝ። ሊጡ ኩፍ አይልም። አብሲት ብጥልም ያው ነው። ምጣዱ ላይ እንደ ቂጣ ተኝቶ ይቀራል።

እናቴ ብርዱ ነው አለች። እኔ ጤፉን ጠረጠርኩ። የ12 ዓመቷ ልጄ ግን ትምህርት ስለተዘጋ ነገሩን ያዘችው። ደብተር አውጥታ «ተጠርጣሪዎች» ብላ ጻፈች፤ ብርዱ፣ ጤፉ፣ እርሾው፣ ውሃው፣ ምጣዱ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «አያቴ (ጨው ጨምራ ይሆን?)»። አያቷን ቁጭ አድርጋ ጠየቀቻት። እናቴም አንድም ሳትቆጣ መለሰችላት።

ከዚያ ጎረቤት ሄዳ እርሾ ተዋሰች። ግማሹን በማቦኪያ ባልዲዬ፣ ግማሹን በባዶ የማር ጠርሙስ እንድናቦካ አደረገችኝ። ጤፉ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ቦታው አንድ። በ3ኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ከፈትን። የጠርሙሱ አረፋ አውጥቷል፣ ከላይ ቢጫ እርሾ ቆሞበታል፣ ሽታው ደስ የሚል ኮምጣጣ። የባልዲው ግን እንደ ጭቃ ረግቷል። «እማዬ፣ ብርዱም ጤፉም ነጻ ናቸው» አለችኝ።

ባልዲው ግን 4 ዓመት የተገለገልኩበት ነው። በጣም ንጹሕ ነው። ምን ሆኖ ይሆን?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦
እኔም መጀመሪያ ብርዱ ነው ልል ነበር። እዚህ ክረምት ላይ ሊጡን ኦቨን ውስጥ አስቀምጬ መብራቱን ብቻ አብርቼ አሳድረዋለሁ። እሳት የለም፣ መብራቱ ይበቃዋል። ግን ጠርሙሱ እዚያው ቤት ከቦካ ልጅሽ ልክ ናት። ጎበዝ!

ጋጋሪዋ፦
እህቴ፣ እኔን ያስጠረጠረኝ «በጣም ንጹሕ ነው» ያልሽው ነው። የማቦኪያ ዕቃ እንደዚያ አይጸዳም። እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። ባልዲዬን በውሃ ለቅለቅ አደርገዋለሁ እንጂ ሳሙና አላስነካውም። ግድግዳው ላይ የቀረችው ሊጥ ለሚቀጥለው ዘር ናት። ባልዲውን ማን ነው የሚያጥበው? ልጅቷ አፍንጫዋን አስገብታ ታሽትተው።

የጎፋዋ እናት፦
ተገኘ!

ልጄ አሸተተችው። «የመዋኛ ገንዳ ይሸታል» አለች። በረኪና! ወዲያው ደብተሯን ይዛ ሳሎን ገባች። «አባዬ፣ ባልዲውን የምታጥበው አንተ ነህ?»

ሰኔ መጨረሻ ላይ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ያኔ ባለቤቴ የወጥ ቤቱን እጥበት ተረከበ፣ ከዚያም አልተወውም። የደረቀችው ሊጥ ቆሻሻ መስላው በጋገርኩ ቁጥር ባልዲውን በበረኪና ዘፍዝፎ ያሳድረዋል። አንዴ ለቅለቅ አድርጎ ይደፋዋል። ለእኔ ብሎ ነው። ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራት። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እሷ ግን መጻፏን አላቆመችም።

ባልዲውን ለልብስ ማጠቢያ አደረግነው። አዲስ ገዝተን በጠርሙሱ እርሾ አቦካን። ዛሬ ጠዋት ጋገርኩ። ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ፍንትው ብሎ ወጣ! መርማሪዋ ክፍያዋን አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ከሊጡ መጨረሻ አንድ እንጎቻ፣ በርበሬና ዘይት ተቀብቶ። ምጣዱ ሥር ቆማ በትኩሱ በላችው። ለአባቷ ግማሹን ቆረሰችለት።